የሸክላዎቹ ሴቶች፦ የጥንታዊት አሜሪካ ምስሎች መቼ ይናገራሉ? መቼስ ዝም ይላሉ?

ክሪስቶፈር ኮሎምበስ በ1492 ወደ አሜሪካ ምድር ከመድረሱ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት፣ በዚያ የሚኖሩ ሕዝቦች ከሸክላ ጭቃ የሰው ምስል እየሠሩ በእሳት ይተኩሱ ነበር። በተለይም ከመጀመሪያዎቹ የገበሬ መንደሮች ከተገኙት ምስሎች መካከል አብዛኞቹ የሴቶች ናቸው። አንዳንዶቹ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጡም፤ ሌሎቹ መዳፍ ይሞላሉ፤ በኋለኛው ዘመን ከተሠሩት ጥቂቶቹ ደግሞ የሰውን ቁመት ሊያህሉ ይቃረባሉ። ጸጉራቸው በብዙ ጥንቃቄ የተሠራ፣ ወገባቸው የቀጠነ፣ ዳሌያቸው የሰፋ ነው፤ የጸነሱና ልጅ የታቀፉም አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎቻቸው ግን ጽሕፈት ስላልነበራቸው፣ ምስሎቹ ስለ ምን እንደ ተሠሩ የሚያስረዳ አንድም ጽሑፍ አልተዉልንም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ እነዚህ ምስሎች በልዩ ልዩ አገሮች ሙዚየሞች በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ይታያሉ። ከአጠገባቸው በሚለጠፈው መግለጫም ላይ ብዙውን ጊዜ «የመራባት አምላክ» የሚል ቃል ይነበባል። ይህ አባባል እውነት ነውን? እውነት ቢሆንስ በምን ይታወቃል? በዚህ ጽሑፍ ከኢኳዶርና ከሜክሲኮ የተገኙ ጥቂት ምስሎችን እየመረመርን ለጥያቄው መልስ ለመፈለግ እንሞክራለን። በዚህም አንድ ቁም ነገር ለማሳየት እንወዳለን፤ ይኸውም የአንድ የሸክላ ምስል ምስጢር በመልኩ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ በበለጠ በተገኘበት ቦታ ላይ የተጻፈ መሆኑን ነው።

ጭቃ ሺህ ዓመታትን እንዴት ይሻገራል?

ሸክላ ጭቃ ከድንጋይ መፈራረስ የሚገኙ እጅግ ደቃቅ ማዕድናት ድብልቅ ነው። ማዕድናቱ እንደ ወረቀት የተነባበሩ ስስ ንጣፎች ናቸው። በንጣፎቹ መካከል የሚገባው ውኃ አንዱን በሌላው ላይ ስለሚያንሸራትተው፣ ጭቃው በጣት ሲጫኑት የተሰጠውን ቅርጽ ይይዛል። ፀሐይ ላይ ብቻ የደረቀ ምስል ውኃ ቢነካው ተመልሶ ይሟሟል። በእሳት ተተኩሶ ሙቀቱ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ግን፣ በማዕድኑ መዋቅር ውስጥ በኬሚካል ታስሮ የነበረው ውኃ ይወጣል። ከዚህ በኋላ የማዕድኑ ቅንብር ስለሚለወጥ ሸክላው ወደ ጭቃነት አይመለስም። እንጨት ሲበሰብስ፣ ጨርቅና ቆዳ ሲጠፋ፣ ገል ብቻ በአፈር ውስጥ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከኮሎምበስ በፊት በነበረችው አሜሪካ የሸክላ መሥሪያ መንኮራኩር አይታወቅም ነበር። የአገራችን ሸክላ ሠሪ ሴቶች እስከ ዛሬ እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ የዚያ ዘመን ሠሪዎችም ጭቃውን የሚያበጁት በእጃቸው ነበር። እንዳይሰነጠቅ አሸዋ ወይም ሌላ ሻካራ ነገር ይቀላቅሉበታል፤ ዓይንንና አፍን በስለታም ዘንግ ይቀርጻሉ፤ ጸጉርንና ጌጥን ለብቻ ሠርተው ይለጥፋሉ። ከዚያም ካደረቁት በኋላ በሜዳ ላይ በተከመረ ማገዶ ይተኩሱታል። ወፍራምና ድፍን የሆነ ምስል ውስጡ ያለው እርጥበት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ድፍኖቹ ምስሎች አብዛኛውን ጊዜ ትናንሽ ናቸው፤ ትልልቆቹ ግን ውስጣቸው ባዶ ሆኖ እንፋሎት የሚያስወጣ ቀዳዳ ይኖራቸዋል። በኋላም ከክርስቶስ ልደት በኋላ በነበሩት መቶ ዓመታት የቴኦቲዋካንና የማያ ሠሪዎች ቅርጽ ማውጫን በሰፊው ስለ ተጠቀሙ፣ አንድን ምስል ደጋግሞ ማባዛት ተቻለ። በመጀመሪያዎቹ መንደሮች ግን እያንዳንዱ ምስል በእጅ የተበጀ በመሆኑ፣ ሁለት ፍጹም ተመሳሳይ ምስሎችን ማግኘት አዳጋች ነው።

የቫልዲቪያ ሴቶች

በደቡብ አሜሪካ ከሚታወቁት ጥንታዊ የሸክላ ምስሎች መካከል ቀዳሚዎቹ የተገኙት በኢኳዶር የፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ በቫልዲቪያ ባህል መንደሮች ነው። ይህን ባህል በ1956 ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ኢኳዶራዊው ኤሚልዮ ኤስትራዳ ነው። ኤስትራዳ በንግድ ሥራ የሚተዳደርና የአርኪዮሎጂን ሙያ በግል ጥረቱ የተማረ ሰው ነበር። መንደሮቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3500 ገደማ ጀምሮ እስከ 1500 አካባቢ በቆዩት ዘመናት ውስጥ ይመደባሉ። ነዋሪዎቻቸው ዓሣ ያጠምዱ፣ በቆሎና ሌሎች ሰብሎችንም ያመርቱ ነበር።

የቫልዲቪያ የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ከጠፍጣፋ ድንጋይ የተቀረጹ ነበሩ፤ የሸክላዎቹ ተከትለው መጡ። የአሠራራቸው ዘዴ እጅግ ቀላልና ብልኀት የተሞላበት ነው። ሁለት የጭቃ ድብልብሎች ጎን ለጎን ይጣበቃሉ፤ የታችኛው ጫፋቸው ተለያይቶ ሁለት እግሮች ይሆናል፤ የላይኛው ክፍል ገላና ራስ ይሆናል። ጡቶች ተለጥፈው ይጨመራሉ፤ ክንዶች ጥቂት ብቻ ይታያሉ፤ ፊት በጥቂት ጭረቶች ይመለከታል። ሠሪዋ ወይም ሠሪው እጅግ የተጨነቁበት ነገር ጸጉር ነው። አንዳንዷ ምስል ከባድ የጸጉር ክምር ተሸክማ ትታያለች፤ ሌላዋ በከፊል የተላጨች ናት፤ ሌላዋ ደግሞ ጸጉሯ በመስመር ተከፋፍሎ ወደ ትከሻዋ ይወርዳል።

ኤስትራዳና አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ቤቲ ሜገርስና ክሊፎርድ ኢቫንስ በ1965 ያቀረቡት መላምት ብዙ ክርክር አስነሥቷል። የቫልዲቪያ ሸክላ ጌጥ በጃፓን ከሚገኘው የጆሞን ባህል ሸክላ ጋር ስለሚመሳሰል፣ የሸክላ ሥራን ወደ ኢኳዶር ያመጡት በማዕበል ተገፍተው ውቅያኖሱን የተሻገሩ የጃፓን ዓሣ አጥማጆች ናቸው የሚል ነበር። መላምቱ ማራኪ ቢሆንም የኋላ ኋላ ተቀባይነት አጣ። ከባሕሩ ዳርቻ ራቅ ብለው የሚገኙ የቫልዲቪያ መንደሮች ሲቆፈሩ፣ ሕዝቡ ከባሕር ይልቅ በወንዝ ዳር እርሻ የተመሠረተ ሆኖ ተገኘ። ከቫልዲቪያ የሚቀድም ሸክላም በኮሎምቢያና በብራዚል አማዞን ተገኘ። ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ትምህርት፣ ሁለት ነገሮች መመሳሰላቸው ብቻውን ዝምድናቸውን የሚያረጋግጥ አለመሆኑን ነው። በለስላሳ ጭቃ ላይ በጣት ወይም በቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚደረጉ ጭረቶች ቁጥራቸው የተወሰነ ስለሆነ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ያንኑ ጌጥ ሊደግሙት ይችላሉ።

ከ1974 ጀምሮ ዶናልድ ላትራፕ፣ ሆርሄ ማርኮስና ባልደረቦቻቸው በሬያል አልቶ ያካሄዱት ቁፋሮ ግን ነገሩን በሌላ አቅጣጫ እንድንመለከተው አድርጓል። ሬያል አልቶ በአንድ ሰፊ አደባባይ ዙሪያ የተሠሩ ቤቶች የነበሩበት የቫልዲቪያ መንደር ነው። በአደባባዩ ላይ ሁለት ጉብታዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ። ከነዚህ በአንደኛው ላይ የሙታን አጽም የሚያርፍበት ቤት የነበረ ሲሆን፣ በመግቢያው ላይ የአንዲት ሴት መቃብር ተገኝቷል። መቃብሯ የተሠራው በወፍጮ ድንጋዮችና በመጆች ስብርባሪ ነው። እህል የሚፈጭበትን ድንጋይ ለአንዲት ሴት የመጨረሻ ማረፊያ ማድረግ፣ ያውም በመንደሩ ክቡር ቦታ፣ ስለ ሴቶች ደረጃ ከአንድ መቶ ምስሎች መልክ የበለጠ ይነግረናል።

ምስሎቹስ የት ተገኙ? አብዛኞቹ የቫልዲቪያ ምስሎች የተገኙት በቤተ መቅደስ ወይም በመሠዊያ ላይ አይደለም። የተገኙት ተሰብረው፣ ከቤት ጥራጊ ጋር ተጥለው ነው። በክብር የሚመለክ አምላክ ከምግብ ትራፊና ከገል ጋር ይጣላልን? ይህ ጥያቄ ተመራማሪዎችን ወደ ሌላ መልስ መርቷቸዋል፤ ይኸውም ምስሎቹ ለአንድ ለተወሰነ ሥርዓት ተሠርተው፣ ሥርዓቱ ሲፈጸም አገልግሎታቸው የሚያበቃ ነበር የሚል ነው።

በኢኳዶር የኖረችው ተመራማሪ ኮስታንዛ ዲ ካፑዋ በ1994 ባሳተመችው ጥናት የጸጉር አሠራሩን ከዕድሜ ጋር አያይዛ ተርጉማዋለች። በእርስዋ መላምት መሠረት፣ የተላጨው ጸጉርና ያደገው ጸጉር፣ ያልወጣው ጡትና የወጣው ጡት፣ ሴት ልጅ ከሕፃንነት ወደ አካለ መጠን የምትሸጋገርበትን ደረጃ ያሳያሉ። ይህ አስተሳሰብ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። ቁንጮና ጋሜ የልጅነት ምልክት እንደ ነበሩ፣ ሳዱላ የተላጨች ልጅም ገና ያላገባች መሆኗን ጸጉሯ ይናገርላት እንደ ነበር እናውቃለን። እርግጥ ነው፣ የእኛን ልማድ በኢኳዶር ምስሎች ላይ መጫን አይገባም። ይሁን እንጂ ጸጉር ቋንቋ ሊሆን እንደሚችል ለመገንዘብ ይረዳናል።

የትላቲልኮ «ቆንጆ ሴቶች»

አሁን ወደ ሰሜን፣ ወደ ሜክሲኮ እንሻገር። በሜክሲኮ ሸለቆ ውስጥ ከሚታወቁት የሸክላ ምስሎች ሁሉ የሚቀድመው ተመራማሪዋ ክርስቲን ኒደርበርገር በሶሐፒልኮ ያገኘችው ሲሆን፣ ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 2300 ይጠጋል። ክንድ የሌላት፣ ርዝመቷ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ የሆነ ምስል ናት። ከእርስዋ በኋላ ከአንድ ሺህ ዓመታት ገደማ ቆይቶ፣ በዚያው ሸለቆ በትላቲልኮ መንደር የምስል ሥራ እጅግ ተስፋፋ።

ትላቲልኮ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1200 እስከ 900 በነበሩት ዓመታት የደመቀ መንደር ነበር። ስሙ በናዋትል ቋንቋ «የተሰወሩ ነገሮች ቦታ» እንደ ማለት ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ላይ በቦታው ጭቃ እየቆፈሩ ጡብ የሚሠሩ ሠራተኞች ነበሩ። ጡብ ሠሪዎቹ ከጭቃው ጋር የሚወጡትን ምስሎች ለገዢ ይሸጡ ጀመር። ሠዓሊውና የባህል ተመራማሪው ሚጌል ኮቫሩቢያስ ከእነርሱ ምስል ሲገዛ የቦታውን ዋጋ ተረዳ። በ1942ም ሳይንሳዊ ቁፋሮ ተጀመረ። በተከታታይ በተደረጉት ቁፋሮዎች በመቶ የሚቆጠሩ መቃብሮች ተገልጠዋል፤ በብዙዎቹም ሙታኑ ከሸክላ ዕቃና ከምስሎች ጋር ተቀብረው ተገኝተዋል። ዛሬ ቦታው በሜክሲኮ ከተማ አጠገብ በናውካልፓን ፋብሪካዎችና ቤቶች ሥር ይገኛል።

ከትላቲልኮ ምስሎች እጅግ የታወቁት በስፓንኛ «ቆንጆ ሴቶች» የሚል ቅጽል የተሰጣቸው ናቸው። ወገባቸው ቀጭን፣ ጭናቸው ወፍራም፣ እጅና እግራቸው በጣም አጭር ነው። ጸጉራቸው ግን እያንዳንዱ ጉንጉን እስኪለይ ድረስ ተሠርቷል። በአንዳንዶቹ ላይ የቀይ፣ የቢጫና የነጭ ቀለም ቅሪት ስለሚታይ፣ ገላቸው በቀለም ያጌጠ እንደ ነበር ይገመታል። የሚጨፍሩ፣ ልጅ የታቀፉ፣ ውሻ የያዙም ይገኛሉ። የወንዶች ምስሎች ቁጥራቸው ያነሰ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ጭምብል አጥልቀው ወይም የኳስ ጨዋታ ልብስ ለብሰው ይታያሉ።

ከሁሉ የበለጠ የሳይንስ ሰዎችን ትኩረት የሳቡት ግን ሁለት ራስ ያላቸው፣ ወይም በአንድ ራስ ላይ ሁለት ፊት፣ ሁለት አፍንጫ፣ ሁለት አፍና ሦስት ዓይን ያላቸው ሴቶች ናቸው። ብዙ ሊቃውንት ይህን የሕይወትና የሞት፣ የቀንና የሌሊት ጥንድነት ምሳሌ ነው ይላሉ። ሐኪሙ ጎርደን ቤንደርስኪ ግን በ2000 ባወጣው ጽሑፍ የተለየ ሐሳብ አቀረበ። በሕክምና «ዲፕሮሶፐስ» የሚባል፣ የፅንስ ፊት በከፊል ወይም በሙሉ የሚደገምበት እጅግ ብርቅ የሆነ የተፈጥሮ ጉድለት አለ። ቤንደርስኪ በምስሎቹ ላይ የሚታየው የፊት መደገም የዚህን ጉድለት ልዩ ልዩ ደረጃዎች በትክክል የተከተለ በመሆኑ፣ ሠሪዎቹ እንዲህ ያሉ ሕፃናትን በዓይናቸው አይተው እንደ ነበር ይከራከራል። እንደ እርሱ አባባል ከሆነ ምስሎቹ ከጥንታዊ የሕክምና ሥዕሎች መካከል ሊቆጠሩ ይችላሉ። ሁለቱ ሐሳቦች የግድ የሚጣሉ አይደሉም፤ በተፈጥሮ የታየ ነገር በኋላ ምሳሌ ሊሆን ይችላልና። ክርክሩን ለመወሰን እያንዳንዱ ምስል ከማን መቃብር፣ ከምን ዕቃ ጋር እንደ ወጣ ማወቅ በእጅጉ ይረዳ ነበር። ከጡብ ሠሪዎች እጅ ተሸጠው ወደ ስብስቦች ለገቡት በርካታ ምስሎች ግን ይህ ማስረጃ ለዘለዓለም ጠፍቷል።

«የመራባት አምላክ» የሚለው ቀላል መልስ

ሴት የሆነ ምስል ሁሉ ለምን «የመራባት አምላክ» ተባለ? ለረጅም ዘመን የጥንት ታሪክ ተመራማሪዎች አብዛኞቹ ወንዶች ስለ ነበሩ፣ ሴትን ከመውለድ ውጪ በሌላ ሥራ አላሰቧትም የሚል ትችት በተለይ ከ1980ዎቹ ወዲህ ተሰንዝሯል። ትችቱ በንድፈ ሐሳብ ብቻ አላበቃም፤ ምስሎቹ ከየት እንደ ተገኙ በጥንቃቄ የተመዘገበባቸው ቁፋሮዎች አዳዲስ መልሶችን አስገኝተዋል።

በሞሬሎስ ግዛት በቻልካትሲንጎ የተገኙትን ምስሎች የመረመረችው አን ሳይፈርስ፣ በ1993 ባሳተመችው ጥናት አብዛኞቹ ከመኖሪያ ቤቶች የወጡ መሆናቸውን አሳየች። የሴቲቱ ገላ በአንዱ ምስል የልጃገረድ፣ በሌላው የነፍሰ ጡር፣ በሌላው የአራስ እናት ነው። እንደ ተመራማሪዋ ትርጓሜ፣ ምስሎቹ ሴቶች በሕይወታቸው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ በሚፈጸም ሥርዓት ያገለግሉ ነበር።

በኦሐካ ሸለቆ በሳን ሆሴ ሞጎቴ መንደር የተገኘው ደግሞ ከዚህም የተለየ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1150 እስከ 850 ባለው ጊዜ ውስጥ በኖረ አንድ ቤት፣ አራት ምስሎች ሆን ተብሎ ተደርድረው ተቀብረዋል። ሦስቱ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አጣምረው በጀርባቸው ተዘርግተዋል፤ አራተኛው ተቀምጧል። ኬንት ፍላነሪና ጆይስ ማርከስ ለዓመታት ባካሄዱት ቁፋሮ፣ በዚያ ሸለቆ ትናንሽ ምስሎች በብዛት የሚወጡት ከመኖሪያ ቤቶች እንጂ ከሕዝብ ሕንፃዎች እንዳልሆነ ተመዝግቧል። ማርከስ በ1998 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ምስሎቹን ሠርተው የሚጠቀሙባቸው በየቤታቸው ያሉ ሴቶች እንደሆኑ፣ ምስሎቹም የሞቱ ዘመዶችንና የቅድመ አያቶችን መንፈስ የሚወክሉ እንደሆኑ ተከራክራለች። በዚህ አተረጓጎም መሠረት ምስሏ አምላክ አይደለችም፤ በስም የምትታወቅ፣ ቤተሰቡ የሚያስታውሳት አያት ልትሆን ትችላለች።

ጽሑፍ ለመተርጎም የሚያግዝበት አጋጣሚም አለ። በቬራክሩዝ ግዛት በኤል ሳፖታል በ1971 በተደረገ ቁፋሮ፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ600 እስከ 900 አካባቢ የተሠሩ፣ የሰውን ቁመት የሚቃረቡ የሸክላ ሴቶች ተገኝተዋል። ዓይናቸው የተከደነ፣ አፋቸው የተከፈተ፣ ወገባቸው በእባብ የታጠቀ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መነኩሴው በርናርዲኖ ደ ሳሐጉን ከናዋ ሕዝብ አዋቂዎች ሰምቶ ባስጻፈው መሠረት፣ በወሊድ የሞተች ሴት በጦር ሜዳ ከወደቀ ጀግና እኩል ትከበር፣ ፀሐይንም ከእኩለ ቀን እስከ ምዕራብ ታጅብ ነበር። ተመራማሪዎች የኤል ሳፖታልን ሴቶች ከዚህ እምነት ጋር ያገናኟቸዋል። ነገር ግን በምስሎቹና በጽሑፉ መካከል ከ600 ዓመታት በላይ ርቀት መኖሩን፣ ሕዝቦቹም የተለያዩ መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም። እንዲያም ሆኖ ትርጓሜው ሚዛን የሚደፋው፣ ምስሎቹ ከሴቶች አጽምና ከሞት አምላክ ሐውልት ጋር በአንድ ቦታ ስለ ተገኙ ነው። እዚህም ላይ ምስክሩ ቦታው ነው።

ዕድሜ እንዴት ይለካል?

አንባብያን «ዕድሜያቸውስ እንዴት ታወቀ?» ብለው እንደሚጠይቁ እንገምታለን። በሰፊው የሚሠራባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው የካርቦን 14 ዘዴ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከአየርና ከምግብ ካርቦን 14 ይወስዳል፤ ሲሞት መውሰዱን ያቆማል፤ የነበረውም በየ5730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ሸክላ ግን ሕይወት አልነበረውም። ስለዚህ የሚለካው ከምስሉ ጋር በአንድ የአፈር ንጣፍ ውስጥ የተገኘ ከሰል፣ ዘር ወይም አጥንት ነው። ከገበያ ለተገዛ ምስል አብሮት የተገኘ ከሰል ስለሌለ ዘዴው አይሠራለትም።

ሁለተኛው ቴርሞሉሚነሰንስ ይባላል። በሸክላ ውስጥ የሚገኙ የኳርትዝና የፌልድስፓር ቅንጣቶች፣ ከሸክላው ራሱና ከዙሪያው አፈር ከዩራኒየም፣ ከቶሪየምና ከፖታሲየም የሚመነጭ ደካማ ጨረር ያለማቋረጥ ያገኛቸዋል። ጨረሩ ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ያፈናቅላል፤ ከእነዚህም ጥቂቶቹ በማዕድኑ መዋቅር ጉድለቶች ውስጥ ታስረው ይቀራሉ። ሸክላው ሲተኮስ ሙቀቱ የታሰሩትን በሙሉ ስለሚፈታ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ከሺህ ዓመታት በኋላ በቤተ ሙከራ ጥቂት ዱቄት ተወስዶ ሲሞቅ፣ የታሰሩት ኤሌክትሮኖች ተለቀው ደካማ ብርሃን ይሰጣሉ። የብርሃኑ መጠን የተጠራቀመውን ጨረር ያመለክታል። ዕድሜው የሚገኘውም የተጠራቀመውን ጨረር በየዓመቱ በሚደርሰው ጨረር በማካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ምስል የተጠራቀመው ጨረር 9 ግሬይ፣ በየዓመቱ የሚደርሰው ደግሞ 3 ሚሊግሬይ ቢሆን፣ ምስሉ ከተተኮሰ 3000 ዓመት ሆኖታል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በየዓመቱ የሚደርሰው ጨረር ከፊሉ የሚመጣው ምስሉ ከተቀበረበት አፈር ነው፤ የአፈሩ እርጥበትም መጠኑን ይለውጠዋል። ምስሉ የተቀበረበት ቦታ ካልታወቀ ይህ ቁጥር በግምት ብቻ ይሞላል፤ የስሕተቱም መጠን ይሰፋል። ስለዚህ ሁለቱም ዘዴዎች የሚያስተምሩን ተመሳሳይ ነገር ነው። ቦታውን ያጣ ምስል ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን የዕድሜውንም ትክክለኛ ልክ ያጣል።

ሐሰተኛው፣ የተሸጠውና በውኃ የተዋጠው

ቦታው የማይታወቅ ምስል ሌላም አደጋ አለው፤ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ያስቸግራል። የብሪሂዶ ላራ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ላራ የቬራክሩዝ ተወላጅ ሸክላ ሠሪ ሲሆን፣ በ1974 ጥንታዊ ቅርስ በመዝረፍና በመሸጥ ተከሶ ታሰረ። ዕቃዎቹን ራሱ እንደሠራቸው ቢናገርም የሚያምነው አጣ፤ ባለሙያዎችም ጥንታዊ ናቸው ብለው መሰከሩ። በመጨረሻ ጭቃ ወደ እስር ቤት እንዲመጣለት ጠይቆ፣ እዚያው ተመሳሳዮቹን ሠርቶ በማሳየቱ ተለቀቀ። ከዚያም በሃላፓ በሚገኘው የአንትሮፖሎጂ ሙዚየም ተቀጥሮ በጥገናና በቅጂ ሥራ አገልግሏል። የላራ ሥራዎች እንደ ጥንታዊ ቅርስ ተቆጥረው በውጭ አገር ስብስቦች ውስጥ ገብተው ከነበረ፣ በእነርሱ ላይ ተመሥርተው የተጻፉ ትርጓሜዎች ምን ዋጋ ይኖራቸዋል? ሐሰተኛ ምስል ገንዘብን ብቻ አያባክንም፤ ዕውቀትንም ይበክላል።

የቹፒኳሮ ምስሎች ዕጣ ደግሞ የተለየ ነው። ቹፒኳሮ በጓናሁዋቶ ግዛት በሌርማ ወንዝ አጠገብ የነበረ የመቃብር ስፍራ ነው። ገላቸው በቀይ፣ በጥቁርና በክሬም ቀለም በጂኦሜትሪ ጌጥ የተሸፈነ ሴቶች የተሠሩት በዚህ ባህል ነው። አንዷ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ600 እስከ 100 ባለው ጊዜ የምትመደብ ምስል፣ በ2006 የተከፈተው የፓሪሱ የኬ ብራንሊ ሙዚየም ዓርማ ለመሆን በቅታለች። የትውልድ ቦታዋ ግን በ1949 በተጠናቀቀው የሶሊስ ግድብ ውኃ ተውጧል። ውኃው ከመሙላቱ በፊት፣ በ1946 እና በ1947 የሜክሲኮ ባለሙያዎች በጥድፊያ ባደረጉት የማዳን ቁፋሮ በመቶ የሚቆጠሩ መቃብሮችን መዝግበዋል። ዛሬ ስለ ቹፒኳሮ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተመሠረተው በዚያ አጭር ሥራና በአጎራባች ቦታዎች ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ጥናቶች ላይ ነው።

በመጋቢት 2013 ሌላ የቹፒኳሮ ሴት ምስል በፓሪስ ጨረታ ላይ ወደ 2 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠች። ሜክሲኮ ጨረታው እንዳይካሄድ ተቃውማ፣ ከቀረቡት ዕቃዎች አንዳንዶቹ ብሔራዊ ቅርስ፣ ሌሎቹም በቅርብ ዘመን የተሠሩ ናቸው ስትል አሳውቃ ነበር። ጨረታው ግን አልቀረም። በ1970 የዩኔስኮ አባል አገሮች ሕገ ወጥ የቅርስ ዝውውርን የሚከለክል ስምምነት አጽድቀዋል፤ ሜክሲኮም በ1972 ጥንታዊ ቅርሶች የመንግሥት ንብረት መሆናቸውን የሚደነግግ ሕግ አውጥታለች። ሆኖም ለምስሉ ከፍተኛ ዋጋ የሚከፍል ገዢ እስካለ ድረስ፣ ሌሊት አካፋ የሚያነሣ ቆፋሪ አይጠፋም። ቆፋሪው ምስሏን ያወጣል፤ አብሯት የነበረውን አጽም፣ ከሰሉንና ዘሩን ግን በትኖት ይሄዳል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ጥንታውያኑ የሸክላ ሴቶች የመራባት አማልክት ናቸውን? አንዳንዶቹ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት ግን በማስረጃ አይደገፍም። በቫልዲቪያ የተሰበረችው ምስል አንዲት ልጃገረድ ያደገችበትን ቀን፣ በኦሐካ ከወለል በታች የተቀበረችው የአንድ ቤተሰብ አያትን፣ በኤል ሳፖታል ዓይኗን የከደነችው በምጥ የሞተችን እናት ትወክል ይሆናል። እነዚህን ልዩነቶች ያገኘነው ምስሎቹን ትኩር ብለን በማየት ብቻ አልነበረም። አንዱ ቆፋሪ በጥራጊ ውስጥ፣ ሌላው በመቃብር፣ ሌላው በቤት ወለል ሥር መገኘታቸውን በትዕግሥት ለክቶ፣ ሥሎና መዝግቦ ስላስቀመጠልን ነው።

ይህ የአሠራር ሥርዓት ለአሜሪካ ብቻ የሚበጅ አይደለም። በእኛም አገር በእርሻና በግንባታ ጊዜ አሮጌ ገልና ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸው ነገሮች ከመሬት ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ዕቃውን ካለበት ሳያነሣ ቦታውን ማስተዋል፣ ጥልቀቱንና አብሮት ያለውን ነገር መመዝገብ፣ ወዲያውም በአካባቢው ለሚገኘው የባህል ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባዋል። ዕቃውን ጠርጎ ወደ ቤት የሚወስደው ሰው ቅርስ ያዳነ ቢመስለውም፣ ተመራማሪው ሊያነብበው የሚችለውን ማስረጃ በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ትቶት ይሄዳል።